ፕላስቲኩ እስኪያርፍ

ሰፈሩ ሁሉ «ፋታ» ይላታል። ፋታ ስላላት አይደለም፤ ለማንም ፋታ ስለማትሰጥ ነው። ቆማ ትበላለች፣ እየተራመደች ታወራለች፣ ሲደክማት እንኳ ግድግዳ ተደግፋ አንድ እግሯን ታወዛውዛለች። ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷ «አንቺ ልጅ፣ ኧረ በፈጠረሽ አርፈሽ ተቀመጪ!» ያላትን ቁጠሩ ቢባል ማን ይቆጥረዋል! አርፋ ግን አልተቀመጠችም። ጉዱ ደግሞ ይህችው ሴትዮ ከስንቱ ሥራ መርጣ፣ ችኮላ የሚባል ነገር ጨርሶ የማይወደውን የመነጽር ፍሬም ሥራ ከአባቷ መያዟ ነው።

ሥራ ቤቱ የሦስቱ ነው። አባትየው ቅርጹን ያወጣል፣ እሷ ትቆርጣለች፣ ትሞርዳለች፣ ታላቅ ወንድሟ ይወለውላል። ወንድምየው የእሷ ተቃራኒ ነው። ጠዋት የእንጨት ፍቅፋቂ የሞላውን የመወልወያ በርሜል ያስነሳና፣ ፍሬሞቹ ውስጡ እየተንከባለሉ እስኪለሰልሱ አጠገቡ ተቀምጦ ሲሽከረከር ያያል። ምኑን እንደሚያይ እሱ ይወቅ። ቃል ይቆጥባል፤ ስልክ ሲደውል ሁለት ቃል ጣል ያደርግና ጆሮ ላይ ይዘጋል። ደስ ሲላት «ጋሼ» ትለዋለች፣ ስትናደድ «አንተ ግንድ»።

የሚሠሩበት ነገር ፕላስቲክ ይባል እንጂ እንደ ባልዲና እንደ ጄሪካን ፕላስቲክ አይደለም። ዘሩ ጥጥና እንጨት ነው። ፋብሪካ ውስጥ በኮምጣጤ አሲድ ያበስሉትና እንደ ማር የጠራ፣ ወይም እንደ ኤሊ ጀርባ ዝንጉርጉር የሆነ ዝርግ ሆኖ ይመጣል። ሲሞርዱት እስከ ዛሬ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። «ከዛፍ የመጣ ነገር ነው» ይላል አባትየው፤ «ውኃ ይጠጣል፣ ሲሞቀው ይለሰልሳል፣ ሲከፋው ይጣመማል። ደግሞ አይረሳም። በግድ ያጠፍሽውን፣ ሙቀት ያገኘ ቀን ወደ ድሮው ይመለስብሻል።» እሷም «እሺ አባዬ» ትላለች፣ እያለች ግን መጋዙን አንስታለች።

ወፍራም ፍሬም ሲያስፈልግና ያለው ቀጭን ዝርግ ብቻ ሲሆን ሁለቱን ያጣብቃሉ። በሙጫ አይደለም፤ የጥፍር ቀለም በሚለቀቅበት በአሴቶን ነው። አሴቶኑ የሁለቱንም ፊት ያቀልጥና፣ ተጫጭነው ሲቀመጡ ተዋሕደው አንድ ይሆናሉ። መጋጠሚያቸውን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። መሐል የገባው አሴቶን በራሱ ጊዜ፣ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። እሱ ሳይወጣ የተቆረጠ ፍሬም ለጊዜው ያማረ ይመስላል፤ ሰንብቶ ግን ይሰበሰባል፣ መስታወቱን ይተፋል። ስለዚህ ይጠበቃል። ሽታው ሲጠፋ፣ በጥፍር ሲጫኑት አልሰረጉድ ሲል «አርፏል» ይባላል። በሥራ ቤቱ ሕግ ያላረፈ አይነካም።

ታዲያ አባትየው ታመመ። ሐኪሞቹ አመላልሰው አመላልሰው በመጨረሻ «እንግዲህ ቤታቸው ይሁኑ፣ ደስ ያላቸውን ያድርጉ» አሉ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እሷም አወቀች፤ ስላወቀችም እግሯ ሥር እሳት የተነሰነሰ ይመስል ከሥራ ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ቤት ትል ጀመር። የአባትየው መነጽር የተሰበረውም በዚሁ መሐል ነው።

የዋዛ መነጽር አልነበረም። አባትየው ያለ እሱ የገዛ እጁን እንኳ አጥርቶ አያይም። መስታወቶቹ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈሩ፣ ከባዶች ናቸው። ፍሬሙን በወጣትነቱ ከድሮው ዓይነት ፕላስቲክ ነው የሠራው። ያም ዘሩ ከጥጥ ነው፤ ግን የእሳት ዘመድ ነው፣ ክብሪት ከሩቅ ካየ ይነዳል። በጣት ሲያሹት ልብስ መሐል የሚደረገውን የብል መድኃኒት ይሸታል። ዕድሜው ሲገፋ ቢጫ ሆነ፣ ደረቀ፤ አንድ ቀን ከአልጋው ላይ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ፍርክስክስ አለ። መስታወቶቹ እንኳ ተረፉ። እሷ ስብርባሪውን ለቃቅማ «በትኩስ አሸዋ አለስልሼ እገጥመዋለሁ» ብላ ወደ በሩ ስትከንፍ፣ አባትየው ከአልጋው ጮኸ።

«እሳት አጠገብ እንዳታደርሺው! ከእኔ ቀድመሽ ልትሄጂ ነው?»

አዲስ ግዙለት ትሉ ይሆናል። ገዙለት። የሱቁ ፍሬም ያን የሚያህል መስታወት ሊሸከም አልቻለም፣ ወገቡ ጎበጠ። ለሱቁ ፍሬም የሚሆን ስስ መስታወት ማዘዝም ይቻል ነበር፤ ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ እስኪመጣ ደግሞ አባትየው እንደማይጠብቅ ሦስቱም ያውቁታል።

«አባዬ፣ አሁን ምን ይታይሃል?» አለችው፣ አልጋው ግርጌ እየተንጎራደደች።

«ጥላ። የሚሮጠው ጥላ አንቺ ነሽ፣ የማይነቃነቀው ወንድምሽ ነው» አለና ሳቀ። ሳቁ በሳል አለቀ። ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሌላ ምንም አልጓጓም። ፊታችሁን ሳላይ ብሄድ ግን ይቆጨኛል» አላት።

ወዲያው ሥራ ቤት ገባች። ወፍራም ዝርግ ከጠፋ ቆይቷል፤ ከኤሊ ጀርባ መሳዩ ጥቂት ቀጫጭን ቁራጭ ተርፏል። ሁለቱን በአሴቶን አጣበቀች፣ ከበድ ያለ ብረት ጫነችባቸው፣ በማግሥቱ ጠዋት ብረቱን አንስታ መጋዝ ያዘች። ወንድሟ ከበርሜሉ አጠገብ ሆኖ «አላረፈም» አላት።

«አንተ ግንድ! አንተን የመሰለ አራፊ እያለ ለፕላስቲኩ ምን ይተርፈዋል!»

ሠራችው። እውነት ለመናገር አምሮባት ነበር። መስታወቶቹን አስገብታ ይዛ በረረች፣ ለአባቷ አጠለቀችለት። እሱም ዓይኑን ጠበብ፣ ሰፋ አደረገና ድምፅ ወደሚሰማበት ዞረ። «እስቲ ቁሚ፣ ልይሽ» አለ።

«ቆይ አባዬ፣ ግራው ወርዷል!» ብላ ከአፍንጫው ላይ ነጠቀችው።

«ኧረ ተይው፣ ይውረድ! ልይሽ!»

የት ትሰማለች! ሄዳለች። ትኩሱ አሸዋ ውስጥ ቀበረችው። መጀመሪያ መስታወቱን ስታስገባ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ያሞቀችው ዝም ብሏት ነበር፤ አሁን ሲቆይ ግን መሐል ላይ የቀረው አሴቶን ፈላ። ስታወጣው ፍሬሙ ውስጥ አረፋ ተነስንሷል፣ የአፍንጫ ማረፊያው ተንሻፏል፣ ገና እጇ ላይ እያለ ግራው መስታወት ዘሎ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሳችው። መሐሉ ደኅና ነው፣ ጠርዙ ግን ተሸርፏል።

ወንድሟ መጣ፣ ፍሬሙን ወደ ብርሃን አድርጎ አየው። «እኔ አረፈ ወይ ስልሽ አንቺ አረፋ አመጣሽልኝ» አላት። በሌላ ቀን ቢሆን መዶሻ ትወረውርበት ነበር። ያን ቀን ግን ወንበር ሳትፈልግ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠችና አለቀሰች። እሱም ቀልዱ እንዳላማረበት ገባው መሰለኝ፣ የተረፉትን ቁራጮች ከመደርደሪያው አውርዶ አጠገቧ አስቀመጠ። ለአንድ ፍሬም ብቻ ነበር የሚበቁት።

አባትየው የሆነውን ሲሰማ አልተቆጣም። «ስታጣብቁት እኔ ጋ አምጡት» አለ፤ «እሷ እጅ ላይ ምንም ነገር አያርፍም።» አመጡለት። ከትራሱ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ዓይን ባይኖረው አፍንጫ አለው፤ ጠዋት ጠዋት እያነሳ ያሸተዋል፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ይጫነዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። «ገና ነው።»

ይህች «ገና ነው» የምትባል ቃል ፋታን ልትገድላት ነበር። ትገባለች፣ ትወጣለች። መስኮት ትከፍታለች፣ ቶሎ እንዲወጣለት፤ አባቷ ይበርደዋል ብላ መልሳ ትዘጋለች። ዝርጉን ታነሳለች፣ ታሸታለች፣ አሴቶኑ አፍንጫዋን ሲወጋት እንደ ባላጋራ ታየዋለች። አባትየው ደግሞ በየቀኑ ድምፁ እየሰለለ፣ እንቅልፉ እየረዘመ ይሄዳል። ከሁለቱ ማን እንደሚቀድም ልቧ ያሰላል፣ መልሳ ራሷን ትረግማለች።

«አባዬ፣ ትንሽ ሽታ ቢቀረውስ? ልቁረጠው በናትህ!»

«ገና ነው አልኩሽ እኮ።»

«እኔ እሱ እስኪያርፍ ስጠብቅ አንተ...» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

«እኔ ምን?»

ጓዳ ገብታ የታጠበ ሳህን ደግማ አጠበች። አባትየው ግን ሰምቷል። ከአልጋው ሆኖ፣ «አይዞሽ፣ እሽቅድምድም ላይ ነን። እኔም ዝርጉም ቀስ እያልን ነው» አላት። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይጠላል? እንዴትስ ይተዋል?

የተሸረፈውን መስታወት ጠርዝ የሚያስተካክል አንድ ሞራጅ ነበር፣ ገበያው መሐል፣ ጠባብ ሱቅ ውስጥ። እሱ ዘንድ ቆማ፣ እንደ ልማዷ እግሯን እያወዛወዘች፣ መስታወቱ ድንጋዩ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሲፋጭ እያየች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው። ቤት፣ አባቷ አጠገብ ነው የተወችው።

«ፋታ» አለ። «አርፏል።»

ዘጋ።

ምን ሆነች አትበሉኝ። ሞራጁ ኋላ ሲናገር፣ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም ብሏል። መስታወቱን ከእጁ ቀምታ በደረቷ ያዘችና ወጣች። አንድ ጫማዋ ደጃፉ ላይ ቀረ። ሰው «ምን ሆንሽ፣ እህቴ?» እያለ ይጠይቃታል፣ እሷ ግን እየሮጠች የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልይሽ ሲለኝ! ልይሽ ሲለኝ ነጥቄው!» ሕይወቷን ሙሉ ስትሮጥ ኖራ እንደዚያ ቀን ቤቷ ርቆባት አያውቅም።

በሩን በትከሻዋ ገፍታ «አባዬን! አባቴን!» ብላ ስትወድቅ፣ አባትየው ትራስ ተደግፎ፣ ዝርጉን አፍንጫው ሥር ይዞ ተቀምጧል።

«ማን ሞተ?» አለ ደንግጦ።

ወንድምየው ከጓዳ ብርጭቆ ይዞ ብቅ አለ። «ፕላስቲኩን ነው ያልኩት» አለ። «አሸተተና አርፏል አለኝ። ደውልላት አለኝ። ደወልኩ።»

«አንተ ግንድ! አንተ ድንጋይ! ደም አስተፋኸኝ እኮ! አንድ ቃል ብትጨምር ምን ይጎድልብሃል? ‹ፕላስቲኩ› ማለት ያማል?» የቀረውን ጫማዋን አውልቃ ወረወረችበት። እሱ አንገቱን ሰበር ሲያደርግ ጫማው በሩን መታ። አባትየው ነገሩ ሲገባው በሳቅ ፈረሰ፤ ያ የሰለለ ድምፁ ከየት እንደመጣለት እንጃ፣ እንባው ጉንጩ ላይ እስኪወርድ ሳቀ። እሷም እያለቀሰች፣ እየተሳደበች፣ እየሳቀች አንገቱ ሥር ተወሸቀች።

«በሉ» አለ ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ለፕላስቲኩ ሌላ ቃል ፈልጉለት። ይቺን ቃል እኔ እፈልጋታለሁ።»

ወንድምየው ወለሉን አየ። እሷ «አታሟርት፣ አባዬ!» አለች፣ ቀስ ብላ።

ከዚያ ዝርጉን ይዛ ሥራ ቤት ገባች። እንግዲህ ያን ቀን ያያት ሰው ፋታ ናት ብሎ ባላመነ። መጋዙን ቀስ አድርጋ ነዳች። በሞረደች ቁጥር ወደ ብርሃን አንስታ ታያለች። የመስታወቱን ማረፊያ ቦይ ስትቆፍር ትንፋሿን ይዛ ነው። ትኩሱ አሸዋ ውስጥ ቀበረችው፤ አወጣችው፤ ጥርት ያለ፣ አንድ አረፋ የሌለበት። እንደ ቆዳ ለስልሶ እጇ ላይ ተለጠጠላት፣ ከባዶቹን መስታወቶች ተራ በተራ ጎረሰ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ስትነክረው ጭምቅ አድርጎ ያዛቸው። ነቀነቀችው። አልተነቃነቁም።

«በርሜሉ ጊዜ ይፈጃል» አለ ወንድሟ እጁን ዘርግቶ። «በእጄ ልወልውለው።» ዘላለሙን ሲቸኩል ያላየችው ሰው በጨርቅ ያሸው ጀመር። ግንባሩ እስኪያልበው አሸው። እሷ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

አብረው ነው ይዘውት የሄዱት። አባትየው በመዳፉ ዳሰሰው፣ አሸተተው፣ «ኮምጣጤ ብቻ» አለና ራሱን ነቀነቀ። አጠለቀችለት። እጇ ሊያስተካክለው ወደ መነጽሩ ግራ እግር ሲሄድ ታወቃት፣ መልሳ ወደ ኋላዋ ደበቀችው።

መጀመሪያ ወንድምየውን አየ። «ወፍረሃል» አለው። «ጥሩ ነው።» ወንድምየው ብርጭቆ ላምጣ ብሎ ጓዳ ገባና ቶሎ አልወጣም።

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። ዝም ብሎ አያት። አልቻለችም፤ ዓይን ሲያርፍባት እንደሚበላት ነው፣ እግሯ መወዛወዝ ጀመረ፣ መጋረጃውን ልታስተካክል ተነሳች።

«አርፈሽ ተቀመጪ» አላት፤ «ልይሽ።»

ተቀመጠች።

«ሸብተሻል እንዴ?»

«አባዬ! እነጥቅሃለሁ!»

«ያምርብሻል። እናትሽም እዚሁ ጆሮዋ ጋ ነበር የጀመራት።» እጁን ሰደደና ጠጉሯን ነካ አደረገላት። «ይሄ ሁሉ ጊዜ ስትሮጪ ፊትሽን በቅጡ አይቼው አላውቅም እኮ። መነጽሩም ሳይሰበር ማለቴ ነው።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ፣ ጠዋት ሥራ ቤት ደርሳ ትመለስና አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጥለታለች። ብዙም አያወሩም። እሱ ያያታል። አንዳንዴ መስኮቱን ያያል፣ ግድግዳውን ያያል፣ መልሶ እሷን ያያል። መጀመሪያ እግሯን ለማቆም ጉልበቷን በእጇ ትይዝ ነበር፤ እየዋለ ሲያድር መያዙን ረሳችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ እንደዚያው ተቀምጣለች። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ የፍሬሙን ዝንጉርጉር አብርታዋለች፣ በጉንጩ ላይ ማር የመሰለ ጥላ ጥላለች። ሲያያት ቆየ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ አያት፣ ጨፈነ። ደረቱ ዝቅ አለ። ከፍ እስኪል ጠበቀች። አልተነሳችም፣ አልጮኸችም፣ ጠበቀች። ከፍ አላለም። መነጽሩ ቀጥ ብሎ አፍንጫው ላይ ተቀምጧል፤ ግራውም ቀኙም አልወረደም።

እጁን እንደያዘች በሌላ እጇ ስልኳን አነሳች። ወንድሟ ሥራ ቤት ነው።

«ጋሼ» አለችው። «አርፏል።»

ከወዲያ በኩል ወንድሟ በሳቅ ፈነዳ። «አይ ፋታ! ብድርሽን ልትመልሺ ነው? እኔ እንደ አንቺ በአንድ ጫማ የምሮጥ መስሎሽ ነው? ኧረ አልደነግጥም! ጠብቄሽ ነበር እኮ፣ መቼ ትደውላለች እያልኩ!» ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ከኋላው በርሜሉ ሲንከባለል ይሰማታል። ስልኩንም ጆሮዋ ላይ አልዘጋም።

«አይደለም» ለማለት አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ምን ያስቸኩላል? አልጋው ጠርዝ ላይ፣ እግሯን ሳታወዛውዝ፣ ሳቁ እስኪያልቅለት ጠበቀችው።